ስምንት ኪሎ

በጎርጎራ ወደብ፣ ከዋርካው ጎን፣ ቆርቆሮዋ ክፍል የኔ ናት፤
ሚዛን ከጣሪያዋ ተንጠልጥሏል፣ እስክሪብቶ በገመድ አስሬባት።
ጠረጴዛው ላይ በቀይ ቀለም የተሰመረች መስመር አለች፤
ከሷ ያጠረ ዓሣ ወደ ውኃ፣ እንዲያ ብላ ትፈርዳለች።
ዳኛዋ እሷ፣ ጸሐፊዋ እኔ፤
ጎረቤት የሚያኮርፈው ግን በኔ።

«ክንዴን ያክል ነበር» ይለኝ ነበር አባቴ፣ ስለ ዲርማ ነጭ ዓሣ ሲያወራ፤
ዋሸ እያልኩ አደግኩ፤ እኔ የደረስኩት ለመዳፍ ሙሉ፣ ለእሾህ ጎተራ።
መረቡ ነው ይላሉ፤ ድሮ የጥጥ ክር ነበር፣ አራት ጣት የሚገባ በቀዳዳው፤
ኋላ ናይለን መጣ፣ ውኃ ውስጥ የማይታይ፣ ለትንሽ ጣት እንኳ የጠበበው።

በሐምሌ፣ ደመናው ደንቢያን ሲጫናት፣ ዲርማ ደፍርሶ ሲሞላ፣
እንቁላል ያረገዘችው ሽቅብ ትወጣለች፣ ጠጠር ፍለጋ፣ ከወንዶቹ ኋላ።
እኛ አፉ ላይ እንጠብቃት ነበር፣ መረብ ከዳር ዳር ዘርግተን፤
እናትየዋን ከነልጆቿ በአይሱዙ ጭነን፣ ጎንደር ሸጠን፣
ጥር ሲመጣ «ምነው ባሕሩ ነፈገን?» እንላለን፣ እጃችንን ሳናይ፣ ራሳችንን።

ሰኔ ላይ ተሰበሰብን፣ ዋርካው ሥር።
ለአንድ ታንኳ በቀን ዐሥራ አምስት ኪሎ፤
ከሐምሌ እስከ መስከረም ማብቂያ የዲርማ አፍ ዝግ።
ደርሶ ተነሣ፤ ታንኳ ሲቀዝፍ የጎበጠ ሰው ነው።
«ጣና ላይ ቁልፍ ይሰቀላል?» አለ፤ «በረት ነው? ጎተራ ነው?
እግዜር ያልቆጠረውን ደግሞ ማን ሊቆጥረው ነው?»
ሳቅን።
«ዘሩን የበላ ገበሬ ስንት ዓመት አረሰ?» አለች፣ ዓሣ የምታደርቀው ማንጠግቦሽ።
ማንም አልመለሰላት። እጅ ወጣ።
ደርሶም አወጣ፤ ጆሮውን እንደሚያክ ሰው፣ ግማሽ እጅ።

የመጀመሪያው ዓመት ክፉ ነበር። ወሰን ጥጋብ አይደለም፤
ከልጅ አፍ የሚነጠቅ ጉርሻ፣ ስሙ ጥበብ አይመስልም።

በነሐሴ አንድ ሌሊት፣ ፋኖስ ሳይዝ፣ ደርሶ በሬን ቆረቆረ፤
ጆንያው ይንጠባጠባል። ሰቀልኩት፤ መርፌው ሃያ ሦስት ላይ ቀረ።
ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩም።
«ዐሥራ አምስት በይ» አለኝ። «ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ጎንደር፤
ነገ ለመድኃኒቱ ካልደረስኩ...»
አልጨረሰውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር።
አንዷ ሆዷ ተቀዶ ነበር፤ መረቡ ሳይሆን አይቀርም የቀደዳት፤
እንቁላሏ ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ፣ ብጫ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ፤ ቀይዋን መስመር ሸፈናት።
ዐሥራ አምስት ብዬ ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ነው የሚያሳፍረኝ።
ስምንት ኪሎው ከገጹ ሥር ተኝቶ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ቆረቆረኝ።

ልጅቷ ድናለች፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባች።
ባሕሩስ? እኔ እንጃ።
እምቦጩ አለ፣ የሌሊት መረብ አለ፣ ከማዶ ሆኖ አልሰማም ያለ አለ፤
ግን ያለፈው ጥቅምት፣ መስመሯን በስንዝር ያለፈ ዓሣ ጠረጴዛዬ ላይ ዋለ።
ከአባቴ ክንድ አይደርስም።
ቢሆንም በልቤ «ይቅር በለኝ» አልኩት።

ትናንት ደርሶ መጣ፤ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው።
ሰቀልኩት፤ ዐሥራ ሁለት።
«ወሰንህ ዐሥራ አምስት ነው» አልኩት፤ «ሦስቱን የት ጣልከው?»
«እዚያው» አለ፣ በአገጩ ወደ ባሕሩ እያሳየኝ።
«ያን ሌሊት ስምንት ነበር።
ዛሬ ሦስት ተውኩ። አምስት ይቀረኛል።»
ባዶ ጆንያውን አራግፎ ሄደ።

ዐሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው።
ለሦስቱ ቦታ ፈለግኩ፤
ቀን፣ ስም፣ ታንኳ፣ ኪሎ፤
ከዚያ ወዲያ የገጹ ጠርዝ ነው።