አሥራ አንድ ጊዜ

ሰባተኛ «ለ» ነን፤ ስድሳ ስምንት ልጅ፤
የጦሳ ጉም ወርዶ ቆሟል ከእኛ ደጅ፤
የሚቀመጥበት ጥግ ባገኝ ብሎ
በስባሪው መስኮት ያያል አጎንብሎ።
«ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው፣ ልጆች!
ሕግ ነው። ጻፉት» አልኩ። ጎበጡ አንገቶች።
ስድሳ ስምንት እስክሪብቶ «እሺ» ብሎ ጻፈ፣
«ለምን?» የሚል ድምፅ በዚያ አላለፈ።
እኔም የወረስኩት እንዲሁ ነው ሕጉን፣
ከኩርኩም ጋራ፣ ሳልጠይቅ ምክንያቱን።

በኅዳር መግቢያ ላይ አንዲት ታብሌት መጣች፣
ጥጓ ላይ በትንሹ የተሰነጠቀች።
«ውስጧ ያለው» አሉን ርእሰ መምህሩ፣
«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል፤ ተማሩ።»
ልጆቹ ግን ስሙ ረዘመባቸው፤
«እትዬ አስተውሎት» ሆነች ጎረቤታቸው።
እውነቱን ልናገር? ደስም አላለኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት አቧራ ያቃመኝ
ያ ጥቁር ሰሌዳ፣ ያ እግረ ሰባራ ወንበር፣
በአንዲት መስታወት ሊተካ መሰለኝ፣ እኔም ጭምር።

ከምሳ በኋላ፣ በተራ በተራ፣
አሥር አሥር ደቂቃ ያወራሉ ከእሷ ጋራ።
የጻፉትን ሁሉ፣ ስም የለውም፣ በየማታ
ጋቢዬን ደርቤ አነባለሁ በጸጥታ።
«ወላሂ አልገባኝም» ይላል አንዱ መስመር፤
«ዕዳ በዕዳ ተባዝቶ ሀብት የሚሆነው በየት አገር?»
ዝቅ አልኩ። ያው ልጅ። «እሺ፣ እንደገና ንገሪኝ።»
ዝቅ። «ሊፍት የሚባል አላውቅም፤ ሌላ ምሳሌ ስጪኝ።»
ዝቅ። «አባቴ ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንዱ ሙጋድ፣ ለባለጅምላ፤
ቢባዛ ያልፍለታል ወይ?» ዝቅ። ደግሞ ሌላ።
አሥራ አንድ ጊዜ። አነሰኝ ጣቴ።
አሥራ አንዴ መለሰች፤ ያለ ኩርኩሜ፣ ያለ ምሬቴ።

ሙሄ ነው፤ አወቅኩት። ከምሰሶው ኋላ፣
ስጠራው የሚጠፋ እንደ ቀትር ጥላ።
ከእኔ የሸሸገውን ለመስታወት ነገረ፤
ክፍሌ ውስጥ «ለምን?» ነበረ፤ ፈርቶኝ ነው የቀረ።

አሥራ ሁለተኛውን እኔ ጠየቅኳት፣ ሌሊት፣
«ለምን ነው?» እያልኩኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በእፍረት።
ስለ ፊልም አወራች፤ ኋሊት ስለሚሄድ መኪና፤
መንገዱ የት እንደሆነ አታውቅም እሷ ገና።
መንገዱን እኔ አውቃለሁ። ደሴ ነው ያደግኩት፤
ቁልቁለት የሌለው ደጃፍ መች አገኘሁት?

ጠዋት ከበሩ ላይ ታብሌቷን ደገንኩ፤
የአደምን ባጃጅ ቁልቁል ሲወርድ ቀረጽኩ።
ክፍል ገብተን አየን፦ ወረደ። ኔጌቲቭ።
ወደ ኋላ አጫወትኩት፤ ይህም ሌላ ኔጌቲቭ።
ባጃጁ በጀርባው ሽቅብ ተጎተተ፣
ያስነሳው አቧራ ጎማው ሥር ከተተ፣
የሸሸችው ዶሮ ኋሊት ገሰገሰች፣
የለቀመችውን ጥሬ ለመሬት መለሰች።
ስድሳ ሰባት ልጅ ሳቀ። ሙሄ አልሳቀም።
ቆመ። «ቲቸር» አለ፤ እጁን ግን አላወጣም።
«ቁልቁል፣ በኋሊት፣ ሽቅብ። ገባኝ። ልክ እንደዚያው
ዕዳም ሲሰረዝ ነው፤ ሲሰረዝ ነው ሀብት የሚመጣው።»

«ያን ‹ሕግ ነው› ያልኳችሁን፣ ልጆች፣ ሰርዙ» አልኩ፤
ስድሳ ስምንት እስክሪብቶ ሲፋጭ አዳመጥኩ።
ያ የእኔ ዕዳ ነበር።

ማታ ከፈትኳት። አንድ መስመር ብቻ ነበር፦
«የአባቴን ዕዳ ማን ይሰርዝ?» ከሥሩ የእሷ ምክር፣
ረጅም፣ ትሑት፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ቁጠባ።
ሙሄ መልስ አልጻፈላትም።
ጉሙ በመስኮቴ ቀስ እያለ ገባ።
ነገ «አላውቅም» ብዬ ነው ክፍል የምገባ።