ጠማማው ረድፍ

አንቶፋጋስታ ላይ አቧራ ነው እንጂ ዝናብ አይደለም የሚዘንበው፣
ከበረሃው ወርዶ፣ ጎዳና ተሻግሮ፣ በየመስኮቱ የሚያርፈው።
ሌሊት ደግሞ ከባሕር ጭጋግ ይነሳል፣ ካማንቻካ የሚሉት፣
አቧራውን በጨው ለውሶ፣ እንደ ቡኮ ያጣብቀዋል ከብረት።

እኔ ኤቫሪስቶ፣ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው፣
ወንበር ላይ ቆሜያለሁ፤ ጉልበቴ "ውረድ" ይለኛል፣ አልሰማው።
ግራ እጄን አጥልቄ በአሮጌ የሱፍ ካልሲዬ፣
እንዳንቺ ላብሰው ብዬ፣
የመጋረጃውን ቀጭን ቆርቆሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስጎትት፣
የሦስት ዓመት ትቢያ እንደ ሽበት ይረግፋል ከመሬት።

"መጀመሪያ በደረቁ" ትይ ነበር፣ "ውሃ ቀድሞ ከነካው
ጭቃ ነው የሚሆን፤ ጭቃ ደግሞ ማን ያስለቅቀው?
ከላይ ጀምረህ ውረድ እንጂ ከታች ወደ ላይ አትሂድ፣
የላዩ ይረግፍብህና ልፋትህ ይሆናል የኪሳራ ንግድ።"
በእንቅልፌ መሐል ነበር የምሰማሽ፤ ምክር ነው ብዬ አልያዝኩትም፤
ዛሬ ሠላሳ አራቱን ረድፍ ስጨርስ አንድ ቃልሽ አልጎደለም።

ሮሲዮ በስልክ ሳቀችብኝ፤ "አባዬ፣ ምን አስለፋህ?
በርካሽ አዲስ ይገኛል፤ ሰው ልኬ ላሰቅልልህ።"
"ይቆይ" አልኳት። ለምን እንደሆነ እኔም አላወቅሁት በውል።
ገመዱ ብቻ ነው የላላው፤ ገመድ ደግሞ ይቀየራል።

ከመንጠቆው አውርጄ ገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ አስተኛሁት፣
ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ አደረግሁበት።
ውሃው ወዲያው ጠቆረ፤ የጉድጓዱን ውሃ መሰለ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የቆፈርኩት መዳብ ቤቴ ድረስ እንደተከተለ።

የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ፤ ጎህ ሲቀድ ነው የምገባው፤
ቀን ነው ሌሊቴ፣ ፀሐይ ነች ጠላቴ፣ ምሽጌም ይኸው መጋረጃ ነው።
"ዝጊው!" ነበር ሰላምታዬ፣ "ደህና አደርሽ" ከማለቴ በፊት፣
አንቺም ትዘጊዋለሽ፤ በቀትር ይመሻል ቤት።

ከታች አምስተኛው ረድፍ ግን በቀኝ ጫፉ ተቆልምሟል፣
በሱ በኩል አንድ ዘንግ ብርሃን ሾልኮ ዓይኔን ይወጋኛል።
ፒንሳ አንስቼ አቀናዋለሁ። በሳምንቱ ይጎብጣል።
አቀናዋለሁ። ይጎብጣል።
"ማነው የሚያጣምመው?" ብዬ አንዴ ጮህኩ።
"ድመቷ ናት" አልሽ።
ድመት አልነበረንም፣ ኤርሚኒያ።

ዛሬ ታጥቦ፣ በፎጣ ደርቆ፣ አዲስ ገመድ ገብቶለት ሰቀልኩት፣
ዘንጉን አዞርኩ፤ ጥርቅም አለ፤ ክፍሉ ጨለመ እንደ ጥንት።
ያቺ ስንጥቅ ብቻ ቀረች። ብርሃኗ ወለሉን ቆርጣ አለፈች፣
ወንበርሽ ላይ ወጥታ፣ ከእጅ መደገፊያው ላይ ቆመች።
እዚያ ጋ ጨርቁ ነጥቷል፤ አንዲት መስመር፣ የጣት ስፋት፣
የሠላሳ ዓመት ፀሐይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የላሰቻት።
ከመስመሩ ሥር፣ በስፌቱ መሐል፣ ሦስት መርፌ ተሰክቶ አገኘሁ፤
ባንዱ ላይ ቁራጭ ክር አለ፣ ሰማያዊ። የሥራ ሸሚዜን ክር አወቅሁ።

ለካ ቁልፌን የምትተክይው፣ እጅጌዬን የምትጠቅሚው፣
እኔ ሳንኮራፋ፣
በዚያች፣ በጣትሽ በቀደድሻት ቀን ነው።

ፒንሳው ኪሴ ውስጥ ነበር። ረድፉን በሁለት ጣቴ ያዝኩት።
ፒንሳውን ከምስማሩና ከዝገቱ ጋር መሳቢያ ውስጥ መለስኩት።

መጋረጃውን መግለጥ እችል ነበር፤ የቀን እንቅልፍ ከተወኝ ቆይቷል።
አልገለጥኩም። ወንበርሽ ላይ ተቀመጥኩ። ከሸሚዜ ሁለተኛው ቁልፍ ወልቋል።
አዲስ ክር በምራቄ አሹዬ መርፌውን ወደ ብርሃኗ አቀረብኩ።
አልገባም።
መነጽሬን ፈለግሁ፣ አደረግሁ። አልገባም።
ፀሐይዋ ከመደገፊያው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ልትወርድ
የቀራት ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።
ኤርሚኒያ፣ በሩብ ሰዓት
ስንት ቁልፍ ነበር የምትተክይው?