ባዶ ለባዶ

ሃያ ብር ከፍዬ፣ ሰው በትከሻ ገፍቼ፣
ከአሞራ ገደል በላይ፣ ቆርቆሮው ቤት ገብቼ፣
አግዳሚው ሞልቶ ስለነበር ግድግዳ ተደግፌ፣
የዓሣና የላብ ሽታ እኩል እየሳብኩ ባፌ፣
ዋልያን አየሁት፣ ከስንት ዘመን ኋላ፣
ትልቁ መድረክ ላይ ቆሞ
ኳስ ሲሰጥ ወደ ኋላ።

ከክንፍ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ በረኛ፤
በረኛው አቅፏት ይተኛል፣ ድካም እንደጣለው መንገደኛ።
ይነሣል። ጓንቱን ያጠብቃል። ሰዓቱን ያያል።
ለቅርቡ ሰው ያቀብላል፤ ቅርቡም መልሶ ይሰጠዋል።

ጎማ የሚጠግነው ጋንታ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ፣
የለስላሳውን ቆርኪ በጥርሱ ከፍቶ፣
«ይሄ አሠልጣኝ አይደለም፣ የባንክ ዘበኛ ነው!
አንድ ነጥብ ታቅፎ ነው ሌሊቱን የሚያነጋው!»
ሳቅን። ወዲያው ተናደድን። ስድቡ በሦስት ቋንቋ ወረደ፣
አስተርጓሚ ሳይጠይቅ ከአፍ አፍ እየሄደ።

ፋንታነሽ፣ ከፓርኩ ፈረቃ ወጥታ የመጣች፣
የተወጋ ጣቷ ላይ ፕላስተር እንደለጠፈች፣
«ስምንት ሰዓት ሙሉ እጅጌ ስሰፋ ውዬ፣
የመጣሁት እዚህ፣ ሰው ሲሮጥ ልይ ብዬ!
መቆሙንማ...»
ብላ ተወችው።

በር ላይ ድንች የምትሸጠው አስናቁ፣ ሚጥሚጣ በእጇ፣
ስክሪኑ አይታያትም፤ ፊታችንን ነው የምታየው ከደጇ።
«ገባ?»
«አልገባም።»
«ገባብን?»
«አልገባም።»
«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጩኸት ለምንድነው? ድንቹ በረደ እኮ።»

ቡሪሶ፣ የዘጠኝ ዓመቱ፣ ፊቱን በሦስት ቀለም ተቀብቶ፣
በእረፍት ሰዓት አረንጓዴው በላብ ቢጫው ውስጥ ገብቶ፣
በሰባኛው ደቂቃ ላይ ሦስቱም አገጩ ጋ ሲደርሱ፣
ቡናማ ሆነው ቀሩ። በማልያው ጫፍ ጠረጋቸው እሱ።

ያኔ አጥቂያችን ወጣ። ተከላካይ ገባ።
ቤቱ ተነፈሰ፤ ጋንታ እንኳ የማይደፍነው ቀዳዳ።

አንድ ሰው ብቻ አጨበጨበ።
ዳንጊሶ። ዓሣ ተራ ቆሮሶ የሚበልተው፣
ድሮ ለክር ፋብሪካው ቡድን ተከላካይ የነበረው።
ጉልበቱ አይታጠፍም፤ እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ፣
ኳሷ ወደ ተመልካቹ በተለጋች ቁጥር «ጎሽ!» ይላል፣ አንገቱን አቅንቶ።
«ያለፈው ጊዜ» አለ፣ «ደፍረን ወጣን፤ አራት ቆጠሩብን።
'መዝጊያ የሌለው ቤት' አላችኋቸው። አንተም ጋንታ፣ ብለህ ነበር፣ ረሳህብን።
የተከላካይ ስም የሚጠራው ሲሳሳት ነው።
ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ያልተጠራ ስም...»
አልጨረሰውም። ማን ሊያስጨርሰው!

ጭማሪው ላይ አንዱ ልጃችን ኳስ ነጠቀ፤ ሜዳው ተከፈተለት፤
ሁለት ሰው ብቻ ከፊቱ፣ አርባ ሜትር ሣር ተዘረጋለት።
ተነሣን። አስናቁ እንኳ ጭልፋዋን እንደያዘች ገባች።
ልጁ ቀና አለ። አየ።
ቆመ።
ዞረ።
ኳሷ ወደ ኋላ ሄደች።

ፊሽካ።

ሲመሽ ዳንጊሶን ጫንኩት፤ ከታቦር ግርጌ ነው ቤቱ።
«በአቋራጩ ግባ» አለኝ፣ «ጉልበቴን አሞኛል በብርቱ።»
አቋራጩ ጨለማ ነው፤ ከዝናቡ ወዲህ ጉድጓድ በዝቶበታል፤
ባጃጇም ገና የእኔ አይደለችም፣ የስምንት ወር ዕዳ ይቀረኛል።
«ይቅርብን ጋሼ፣ በአስፋልቱ እንዙር፤ ቢረዝምም ደኅና ነው» አልኩት፣
«ምታት! ሂድ! ግፋ!» ስል ባመሸሁበት፣ በዚያው በጎረነነ አንደበት።

ዳንጊሶ ምንም አላለ።
ከኋላዬ፣ ከሸራው ሥር፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በመስታወቱ አየሁት፤
ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁት።

ሐሙስ ደግሞ ጨዋታ አለ።
ሃያ ብር ለይቼ በግራ ኪሴ ከተትኩት።