ስምንት ሚሊ ሜትር

ሳስካቱን በጥር፣ ከሌሊቱ ሰባት፤
ወንዙ በረዶ ለብሶ፣ ድልድዩ ራቁት።
የኮሌጁ ሊፍት ታመመ ተብዬ
መጣሁ፣ መፍቻዬን በትከሻ አዝዬ።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ የሚወድቅን ነገር
እንዳይወድቅ ብሎ በገመድ መከራከር።
ሰው ሽቅብ ሲወጣ ይወርዳል ብረት፤
በነፃ አይወጣም የአንድ ኪሎ ክብደት።

ጉድለቱን ደረስኩበት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ሳጥኑ ከወለሉ ትከሻ ለትከሻ ሲተያይ
ስምንት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል።
አለቃዬ በስልክ፣ «ተወው፣ ማን ያየዋል?
ስምንት ሚሊ ምን አላት? ትንሽ ጣት አትሞላም!»
እኔም ደክሞኝ ነበር፤ ነገሩን አልጠላም።

ዕቃዬን ሸክፌ አዳራሹን ሳቋርጥ
የነሐስ ኳስ አየሁ፣ በረጅም ሽቦ ጫፍ ወዲህ ወዲያ ሲሮጥ።
ከሥሩ በክብ የቆሙ ችንካሮች፤
አንዷን ጣላት። ቀጭ!
ወንበር ላይ ያለች ሴት ሰዓቷን አየች።

ኦዳርካ ትባላለች፤ የፊዚክስ መምህር ነበረች፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ።
ዘበኛው ያውቃታል፤ እንቅልፍ ሲነሳት ትመጣለች፣ ኳሱ ዘንድ ለመድረስ።

«መንገዱን ቀየረ እንዴ?» ብላት
ሳቀች። «እሱስ ቃሉን አያጥፍም፤ ወለሉ ነው የዞረበት።
ወለሉና እኔ፣ አንተና መፍቻህ፣
ከተማዋ ከነድልድይዋ፣ ከነውጭ በረዶህ።»

እግሬን አየሁት።
የቆመ መስሎኝ ነበር።

«የጥንቶቹ ሰማይ ክብ ነበር» አለች፣ «ክብ በክብ ላይ የተደረበ፣
ሲጎድል ሌላ ክብ የሚታከልበት፣ እንደ አሮጌ ካልሲ የተጠበበ።
በደሴት ላይ ባላባት ነበር፣ በናስ አፍንጫ፣
ያለ መነጽር ኮከብ የለካ፣ በዓይኑ ብቻ።
ሲሞት ቁጥሩን ወረሰው ዓይነ ደካማ ረዳቱ፤
ማርስን ሲያሳድድ ነጋበት ስንትና ስንት ሌሊቱ።
በመጨረሻ ክቡ ገጠመለት፣
ስምንት ደቂቃ ብቻ ቀረበት።
ደቂቃ ስልህ የሰዓት አይደለም፣ የዲግሪ ስንጥር ነው፤
ስምንቱ ቢደመር የሙሉ ጨረቃ ሩብ ቢሆን ነው።

ማን ያየዋል? ማለት ይችል ነበር።
ሟቹ አልተሳሳተም አለ። የገዛ ክቡን ሰበረ።
መንገዱ ሞላላ ሆነ።

ሌላው ሁሉ በዚያች ስንጥቅ ነው የገባ።
ያንተን ሊፍት ቁልቁል የሚስበው ጨረቃንም ይስባል፤
ትወድቃለች፣ ዘወትር ትወድቃለች፣
መሬትን ግን ሁልጊዜ ትስታለች።»

ቀጭ! ሌላ ችንካር።
«ዘገየ» ብላ አጉረመረመች፣ በእርሳስ ጻፈች፤
እኔን የረሳችኝ መሰለች።

ሦስተኛ ፎቅ ተመለስኩ።
ስልኩ ጮኸ፤ አላነሳሁም።
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ
የሐዲዱን ማግኔት ፈታሁ፣ ጥፍር ታህል ገፋሁ፣
ሞከርኩ፤ አምስት። ሞከርኩ፤ ሁለት።
ጣቴ ደነዘዘ፣ ተሳደብኩ፣ እንደገና ፈታሁት።

ሊነጋ ሲል መዳፌን በሁለቱ ወለል ላይ አሻሸሁ፤
ምንም አልያዘኝም።

ጽዳቱ ዊልፍሬድ ባልዲ የጫነ ጋሪውን እየገፋ ገባ።
ጋሪው አልተንገጫገጨም፤
ውሃው አልፈሰሰም፤
እሱም ልብ አላለም።