ሁለተኛ ማርሽ

ሃያ ዓመት ነዳሁ፣ ከቡሬ ነቀምት፣
ስንዴ ጭኜ ሄጄ፣ ቡና ጭኜ በሌት።
ዓይኔ ሲደክምብኝ ሐኪሙ "ይብቃህ" አለ፤
አይሱዙዬን ሸጥኩት፣ እጄ ግን ከመሪው አልተነቀለ፤
አልጋ ላይ ተኝቼ ኩርባ ያዞር ነበር።

ባንቺአምላክ አየችኝ፣ ዝም ብላ ሰነበተች።
ዕቁብ የወጣላት ለት ለማንም ሳትናገር
ከባሕር ዳር አስመጣች፣ በአውቶብስ ጣራ፣
ያገለገለች ማቡኪያ፣ በጠፍር ታስራ፣
ሳህኗ የጠለቀ፣ ጎኗ የተጫረ፣ ማርሿ እስከ ስድስት።
"ሞተር ሞተር ስትል፣ ይኸው" አለች፣ "ንዳት።"

መመሪያ ነበራት፣ የማናውቀው ፊደል።
የጎረቤት ልጅ አንሙት ስልኩን ደቅኖበት
"እጅ አታስገቡ ይላል" ብሎ ሌላው ጠፋበት።
ይጥፋ። እኔ ሞተር የማውቀው በጆሮ ነው።

ውሃ ይቅደም፣ ዱቄቱ ከላይ ይከተል፤
ዱቄት ከቀደመ ከሥር ይጋገራል፣ ማንኪያም አይነቅለው።
በአንድ አስነሳታለሁ፣ ዱቄቱ እስኪረጥብ፤
በሦስት የጀመረ ፊቱን በዱቄት ይታጠብ።
ከዚያ ሁለት።
ሁለት ላይ ቆይ።
የዓባይን ቁልቁለት ማን በአራት ወረደ?
የወረደም አለ፤ ብረቱ ገደል ውስጥ ዝገት ለመደ።
ሊጥም ቁልቁለት ነው፣ ሞተር ነው የሚይዘው፤
ከቸኮልክ ይግላል፣
የጋለ ሊጥ ደግሞ ጋጋሪ አይጠብቅም።

መጀመሪያ ያቃስታል፣ ጭነት እንደ ያዘ ዳገት ላይ፤
ቀጥሎ ሳህኑን በጥፊ ይላል፣ ጧ፣ ጧ፤
ኋላ ድምፁ ይለዝባል፣ ግድግዳውን ይለቃል፣
መንጠቆው ላይ ተጠምጥሞ ይንጠለጠላል።
ያን ጊዜ አጥፋት።
ቁራሽ ቆንጥረህ በአምፖሉ ፊት ወጥረው፤
ሳይቀደድ የጣትህን ጥላ ካሳየህ፣ ደርሷል።

ዳጉሳ ቀላቅዬ አፍ እስከ ገደፉ ሞላሁ አንድ ቀን፤
አለቀሰች። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ።
ትርፍ ጭኜ በትራፊክ ስንቴ ተቀጥቻለሁ፣
እሷ ደብተር የላት፣ በሽታዋ ነው ክሷ።
ግማሹን ቀነስኩላት፣ ታረቅን።

መብራት ሲሄድ፣ መሄዱ መቼም አይቀር፣
መንጠቆውን አውጥቼ እጅጌዬን እጠቀልላለሁ።
"ክንድ ነዳጅ አያልቅበትም" ትላለች ባንቺአምላክ፣
እሷ ግን ወንበር ስባ ትቀመጣለች።

በጥር የይሁኔ ልጅ ሰርግ መጣ፣ ኬክ ታዘዝን።
የሽቦውን መምቻ ገጠምኩ፣ ክሬሙን ጨመርኩ፣
ለጥ ያለ ሜዳ መሰለኝ፣ ስድስትን አስገባሁ።
በመንገዱ የነቀምት መኪና አለፈ፣
ሹፌሩ አወቀኝ፣ ጥሩምባ ነፋልኝ፤
እጄን ላወዛውዝ ደጅ ወጣሁ።
ትንሽ አየሁት፣ ጭራው እስኪጠፋ።

ስመለስ ነጩ ቢጫ ሆኗል፣
ከሥሩ አሬራ ተንጣልሏል።

ባንቺአምላክ በጣቷ ጠቅሳ ቀመሰች፣
"መናኸሪያውን አልፈኸዋል፣ ሹፌሬ" አለች።
ሁለተኛውን ክሬም ራሷ መታችው፣ በአራት፣
ከማሽኗ ሥር እንደ ዘብ ቆማ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

ቅቤውን ለእትየ አስናቁ ላክንላት።
አርባ ዓመት ቅል የናጠች ሴት፣
ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ያለ።
መጣች፣ ማሽኗን ዞረቻት፣
"ስንት ጊዜ ፈጀባት?" አለች።
"ዘጠኝ ደቂቃ።"
ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

በማግስቱ ገና ሳንከፍት በር ላይ ቆማለች፣
ቅሏን ታቅፋ፣ እንደታመመ ሕፃን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስትን አስገባለሁ፣ ለእሷ ብቻ፤
ደጅ አልወጣም፣ ማንም ጥሩምባ ቢነፋ።
በሌላው ቀን ሁለት ላይ ነኝ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ከተማው ሲተኛ፣
ጧ፣ ጧ፣ እያዳመጥኩ፣ ዳገቱን ስወጣ።