ያልዛገ ማጭድ

ከደንቢያ ሜዳ ዳር፣ ከመረሬው በላይ፣
አንዲት ጉብታ አለች ከሩቅ የማትታይ።
ወይራና ዋንዛ አጥሯ፣ ሣር ለብሳ ጣራዋ፣
ሕፃኑ ቂርቆስ ነው የሷ አለኝታዋ።
ከጎንደር ግንብ ለምዶ አንድ እንግዳ ቢመጣ፣
የእህል ጎተራ መስላው አልፏት ነው የሚወጣ።
ደወሏ ድንጋይ ነው፣ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣
ሲመቱት ይሰማል እስከ ወንዙ ማዶ ላይ።

መስከረም ተገባዶ ዝናቡ መች ሄደ፣
ከኪዳን ጀምሮ በጣራው ወረደ።
ዲያቆኑ ከበሮውን ሦስቴ አዛወረ፣
ውሃው ተከትሎት ወረብ ጀመረ።

ጣራው ለምን አረጀ? ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣
ሊናገር ሲል ግን ከንፈሩን ይነክሳል።
ሣሩን በየዓመቱ አጭደው የሚከድኑት
አዛናውና አባቴ ባዘዘው ነበሩ፤
ከተኮራረፉ ዘንድሮ ሦስት ክረምት።
በአንድ ፈር መሬት ነው፣ «ወሰን ገፋህ» ተባብሎ፣
ፈሩን ደግሞ ጎርፉ ወሰደው በዓመቱ ጠቅልሎ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ቤት ገባን።
ተራዋ የውዴ ነው፣ ባሏ የሞተባት፣
ጋን የሌላት ውዴ።
ማን እንደሆን እንጃ፣ ሌሊት በሯ ድረስ
ጠላውን ተሸክሞ አኑሮላት ሄዷል።
ማንም አልጠየቀም።
«ደግሰሽ ኑሪ!» አልናት፣ ከልባችን አልናት።

መምሬ ላቀው ቆሙ መቋሚያ ይዘው፣
ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ንቁ ነው።
አቡነ ዘበሰማያትን፣ ሁልጊዜ በግዕዝ፣
ዛሬ ባማርኛ ጀመሩ፣
«አልገባኝም» የሚል ሰው እንዳይኖር።

«በደላችንንም ይቅር በለን» አሉ፣
«እኛም የበደሉንን...»
ብለው ዝም አሉ።

ረሱት ብለን ጠበቅን። አልረሱትም።
ሁለት ቃል ቀርቷቸው አፋቸውን ዘጉ፣
ዳቦው ቀዘቀዘ፣ ሕፃናት አዛጉ።
ውጪ አንድ አህያ አናፋ ያለ ኀፍረት፣
የሳቀ አልነበረም ከወንድም ከሴት።

«መምሬ፣ ይጨርሱት» አለች ውዴ ቀስ ብላ።
«እኔማ ጨርሻለሁ፤ የቀረው የሌላ
ሰው ቃል ነው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በአዛናውና በአባቴ መካከል
አምስት ሰው ተቀምጧል።
አምስቱም ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳው ሸሹ፣
ለጎርፍ መንገድ እንደሚለቅ ሰው።

መጀመሪያ አዛናው ጉሮሮውን ጠረገ፤
ያወጣው ቃል ግን ጸሎት አልነበረም።
«መቅደሱ ያፈሳል።»
አባቴ መሬት መሬት እያየ፣ «አየሁት።»
«ወንዙ ዳር ያለው ሣር ደርሷል።»
«ደርሷል።»
«እኔ ግን ማጭድ የለኝም።»
ጠብ፣ ጠብ ይላል ውሃው።
«ያንተ እኔ ዘንድ ነው። ያኔ የተዋስኩት።»
«ሦስት ክረምት! ዝጎ ይሆናላ።»
«አልዛገም» አለ አባቴ።

እኔ ነኝ የማውቀው።
ከበሩ ጀርባ ነው የሚንጠለጠለው።
ቅዳሜ ሲመሽ፣ ቤቱ ጭጭ ሲል፣
ኩራዙን አስጠግቶ፣
የኑግ ዘይት ቀብቶ በጨርቅ ሲያሸው
ከመደቡ ላይ ሆኜ አየው ነበር።
ስሙን በቤታችን እንዳናነሳ ያስማለን ሰው፣
የዚያኑ ሰው ስለት እንደ ልጅ ሲያባብለው።
አንድ ቀን «ለምን?» ብለው፣
«የሰው ዕቃ ነዋ» አለኝ፣
ኩራዙንም እፍ አለው።

መምሬ ላቀው ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ፣
«...ይቅር እንደምንል» ብለው ተቀመጡ።
ተሳስተው ነው እንጂ፣ ገና «አሜን» ይቀራል።
ሕፃናቱ አሉላቸው፣ በአንድ አፍ፣ ርቧቸዋል።

ሰኞ ሲነጋጋ ከወንዙ ዳር ወረድኩ።
ሁለት ጀርባ አየሁ፣ ጤዛው ውስጥ ጎንበስ ያለ፤
አይጫወቱም፣ ወሬም የላቸው፣
ሸረፍ፣ ሸረፍ ይላል ማጭዱ ብቻ።
አንዱ ያጨደውን አንዱ ያስረዋል።

ከበሮው ዘንድሮ ደረቅ ነው ቆዳው።
ያ ፈር ግን የማን እንደነበር
እስከ ዛሬ ድረስ የለየው የለም፤
አደይ በቅሎበታል።