ጀርባዬን ለመድረኩ

«ሥራው ቀላል ነው» አለኝ ኃላፊው በር ላይ፣
«ፊትህን ወደ ሕዝብ፤ መድረኩን እንዳታይ።»
ቢጫ ሰደርያ፣ ደረቴ ላይ ስሜ
ፊደሉ ተዛብቶ፣ ከአጥሩ ፊት ቆሜ፣
እንዲህ ነው ያየሁት፣ አየ ከተባለ፣
አርባ ዓመት የጮኸ ባንድ ዛሬም እንዳለ።

ስማቸው «ጨውና ዝገት» ነው። ከሙሐረቅ ሰፈር፣
ጀልባ ከሚጠገንበት፣ ከባሕሩ ዳር
ተነሡ ይላሉ። ጊታሩ በብድር፣
ከበሮው ባዶ የቀለም ጣሳ ነበር።

ይህን የነገረችኝ፣ በሩ ሳይከፈት፣
ሰልፉ በማናማ ወበቅ ሲቀቀልበት፣
ፊሎሜና ናት፤ የጎዋ ሴት፣ ነርስ፣
እዚሁ ያረጀች የሰው ቁስል ስትዳስስ።
ጡረታዋን ይዛ አገሯ ገብታ ነበር፤
ለዚች አንዲት ሌሊት መጣች በአየር፣
በፈረንጅ ሰማንያ ሰባት የገዛችውን ቲሸርት ለብሳ፣
በእጥበት ብዛት ፊደሉ የሳሳ።
«የአንዱ ጉልበት ብረት፣ የአንዱ ልብ በኤሌክትሪክ፤
እንግዲህ» አለች ስቃ፣ «ከዚህ ወዲያ ምን አለ ሮክ?»

መብራቱ ጠፋ።

ከኋላዬ አንድ ምት አከርካሪዬን አለፈ፣
ሰደርያዬ ደረቴ ላይ ተርገፈገፈ።
አንገቴ «ዙር» አለኝ፣ ደሞዜ «ቁም» አለኝ፤
ደሞዜ አሸነፈ። ፊቶች ቀሩልኝ።

ጊታሩን ያየሁት በአንድ ሽማግሌ መነጽር ነው፤
ቀይ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመሐሉ ዝንብ የሚያህል ሰው
እየዘለለ።
ሽማግሌው ዲሽዳሻው በላብ ተጣብቆ፣
ልጁ ያመጣውን ወንበር በከዘራው ገፍቶ አርቆ፣
ጥርስ በሌለው ድዱ ቃል በቃል ያወርዳል፣
ዘፋኙ ሳይጀምር እሱ ይጨርሳል።

ከጎኑ ኹሉድ። ስሟን ሲጠሩ ሰማሁ።
በአባያዋ ጫፍ የባንዱን አርማ በብር ክር ጠልፋ
የሟች ባሏን ፎቶ ከራሷ በላይ ይዛለች፣
ፊቱን ወደ መድረክ።
ስለዚህ ፊት ለፊት ተፋጠጥን፣ እኔና እሱ፤
እሱ ግን በትከሻዬ አልፎ ይመለከታል።
እሱ ሞቶ ያያል፤ እኔ ቆሜ አላይም።

ስድስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮው ምቱን ሳተ፣
በሦስት ሺህ ፊት ላይ አንድ ነገር ሞተ።
ዱላው ከእጁ አምልጦ፣ አየሩን ሰንጥቆ፣
ከጫማዬ አጠገብ ተኛ ተሰንጥቆ።
«የሴባስቲያን ጣት ከዓምና ወዲህ ይከዳዋል»
ብላኝ ነበር ፊሎሜና፤ «ሁሉም ያውቃል።»
ማወቅና መስማት ለየቅል።

ያኔ ሽማግሌው ከዘራውን አነሣ፣
የኔን አጥር ብረት መታ። አንዴ። ደግሞ።
ፊሎሜና በእጇ ተቀበለችው፣ ኹሉድ በእግሯ፣
የፎቶው ክፈፍም ከእሷ ጋር ተንቀጠቀጠ፣
ከዚያ ከኋላ ወንበር፣ ከሰገነቱ፣ ከየበሩ፣
ሦስት ሺህ መዳፍ።
ብድር በምድር ነው፤ አርባ ዓመት የተቀበሉትን
መለሱላቸው፤ ያንኑ ምት፣ ያንኑ፣ ሳያጎድሉ።
ጊታሩ ከኋላዬ ቀስ ብሎ ተከተለ፣
መንገድ እንደሚሻገር ልጅ፣ እጁን ተይዞ።
ብረቱ መዳፌ ውስጥ ይመታ ነበር።
አልዞርኩም።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ዞርኩ።
አንድ ወንበር፣ ትራስ ያለው።
ግማሽ ብርጭቆ ውሃ።
ሽቦ የሚጠቀልል ወጣት ቀና ብሎ
«ወንድም፣ አብቅቷል» አለኝ።

ወደ ካምፕ በሚወስደን አውቶቡስ ሹምዬ ጠየቀ፦
«እና ምን ይመስላሉ?»
«አላየኋቸውም።»
ሳቀብኝ። «አፍንጫቸው ሥር ቆመህ!»
የተሰነጠቀውን ዱላ ከእጅጌዬ አወጣሁ፣
የፊቱን ወንበር ጀርባ አንዴ መታሁት። ደግሞ።
ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።